የተመረገ ጎታ

ቤታችን የቆመው በባሌ እግር ነበር። ነገር ለማሳመር አይደለም እንዲህ የምለው። ባሌ ሳንቃ በር በሚባል ቦታ የዱር አራዊት ፓርክ ዘበኛ ነበር፤ የዘበኛ ሥራ ደግሞ መራመድ ነው። ከሳንቃ በር ይነሣል፣ የገደሉን አፋፍ ይዞ ጊች ይደርሳል፣ አድሮ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሣል። ጠመንጃውና ካፖርቱ የመንግሥት፣ እግሩ ብቻ የራሱ። ለዚያ እግር በየወሩ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ በዚያች ደመወዝ እኔ ደባርቅ ተቀምጬ ሦስት ልጆች፣ አንዲት አማትና ራሴን አበላለሁ። ደመወዙ ሳገባው የነበረው ነው፣ ፈቅ አላለም። ገበያው ግን በየሳምንቱ ሌላ ገበያ ነው።

እግሩን ሰው ሁሉ ያውቅለት ነበር። ጓደኞቹ ጠዋት ወጥተው በምሳ ሰዓት የሚደርሱበትን ዳገት እሱ ጤዛው ሳይረግፍ ይጨርሰዋል። በሠርግ ቤት ሲጨፍር መሬቱ ይሰማል። እኔንም ያገባኝ ያ እግር ነው ማለት ይቻላል፤ ከደባርቅ ዳባት ድረስ በእግሩ እየመጣ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ፣ ሦስት ጊዜ ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ቤቱ ደርሷል። አባቴ ይህ ሰው መቼም ሲራመድ ቤቱን አያስርብም ብሎ ሰጠኝ።

ኑሮ ተወደደ ሲሉ ሰዎች ከሰማይ የወረደ ነገር ያስመስሉታል። እኔ ግን ፊቱን አውቀዋለሁ። ቁናውን ሞልታ፣ አናቱን በክንዷ ጠርጋ፣ ዛሬ ውሰጂ እታለም፣ በሚመጣው ገበያ ይሄንንም አታገኚው የምትል የእህል ነጋዴ ፊት ነው። ያችን ሴት እንደጠላኋት እኖራለሁ፤ የተናገረችው ግን አንድ ቀን ሐሰት ሆኖ አያውቅም። ጊዜው የደርግ ነው። ወጣቱ ይዘምታል፣ ከደመወዝ ላይ መዋጮ ይነሣል፣ በስብሰባ ስለሚመጣው ጥጋብ ይነገረናል፣ ከስብሰባው ስንወጣ ጨው ጨምሮ ይጠብቀናል። የቆላው ማሽላ በዛሪማ በኩል ሲመጣልን ድሀው ትንሽ ይተነፍስ ነበር። መንገዱ በጦርነቱ ሲዘጋ ማሽላውም ቀረ፣ የደጋው ገብስም ኮራ።

እናቴ አመድ የምትቆጥር ሴት ነበረች፣ እኔም ከእሷ ወጥቼ ሌላ አልሆንኩም። ሳሙና ሲጠፋ በእንዶድ አጠብኩ። ላምባ ሲወደድ ፀሐይ ስትገባ ልጆቼን አስተኛሁ፤ አልተኛም ያለ ጨለማውን እያየ ይቀመጥ። የቀበሌው ሱቅ በነፍስ ወከፍ የሚያድለውን ስኳር ልጆቼ በዓይናቸው እንጂ በምላሳቸው አያውቁትም፤ ከሱቁ እንደወጣሁ በጓሮ ዞሬ ለሻይ ቤቷ ሴት እሸጠዋለሁ። አንድ ቀን ትልቋ ልጄ የዘይት ጠርሙስ አንገት ስትልስ አገኘኋት። በያዝኩት ማማሰያ አፏ ላይ አሳረፍኩባት። ከንፈሯ ላይ ያለችው ጠባሳ የዚያ ቀን ናት። ዛሬ እሷም የልጆች እናት ሆና ስትስቅ ጠባሳዋ ይሳባል፣ እኔም ዓይኔን ወደ ሌላ እመልሳለሁ።

ሰፈሩ ግን አመሰገነኝ። ባለሙያ ናት፣ ከምንም ነገር ታበስላለች ይሉኛል። የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ አስነሥተው እንዴት እንደምቆጥብ ለሌሎቹ እንድናገር አድርገውኛል። ተናገርኩ፣ አጨበጨቡልኝ። በመልኬ ተመስግኜ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ወደ ቤቴ ስመለስ እንደ ሙሽራ ነበር የምረግጠው።

አማቴ ከጊች የመጡት ባላቸው በሞቱ በዓመቱ ነው። ዐራት ጭነት ገብስ በበቅሎ አስጭነው ገቡ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ በሩ ላይ ቆሜ በልቤ ያንን ገብስ ለሁለት ዓመት ከፋፍዬ ጨርሼ ነበር። እሳቸው ግን የመንገዱ ድካም ሳይወጣላቸው ጭቃና ጭድ አስቦክተው ከምድጃው ማዶ ካለው ጥግ ጎታ መሥራት ጀመሩ። በገዛ እጃቸው ሠሩት። ሲደርቅ ገብሱን ገለበጡበት፣ ከላይ አመድ ነሰነሱበት፣ ክዳኑን ገጥመው ዙሪያውን በእበት መረጉት። መርገው ሲጨርሱ መዳፋቸውን በእርጥቡ እበት ላይ ጫን አደረጉ። የእጃቸው ቅርጽ ከነአምስት ጣቱ እዚያው ደረቀ።

ገብሱ ለገዛ ተዝካራቸው ነበር። ባላቸው የሞቱት ክፉ ዓመት ላይ ነው፤ እህል አልነበረም፣ ተዝካራቸው ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው በሕልማቸው እየመጡ ቁራሽ ይለምኗቸዋል። ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ ከነዳያን ጋር ተቀምጠው፣ እጃቸውን ዘርግተው። አማቴ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይሰልላል። እኔ ስሞት እንደሱ አልለምንም ብለው ለነፍስ አባታቸው ቃል ሰጥተዋል። ልጃቸውን አላመኑትም፣ እኔንማ ጭራሽ። ስለዚህ የሞታቸውን እህል በሕይወታቸው ጠበቁት። በየጠዋቱ ጸሎታቸውን ሲያደርሱ ሄደው መዳፋቸውን በደረቀው የመዳፋቸው ቅርጽ ላይ ያሳርፋሉ። ከገጠመ አልተነካም ማለት ነው። ከዚያ መጥተው ከኔ መሶብ ይቀርባሉ። የሚበሉት የኔን፣ የሚጠብቁት የራሳቸውን።

የመስቀል ሰሞን የገብስ ዋጋ ዘለለ። እንደ ወትሮው ጥቂት አልጨመረም፣ ዘለለ። በዚያ ሳምንት ከገበያ ባዶ ስልቻ ይዤ ተመለስኩ። ባሌ በነጋታው ወደ ሳንቃ በር ይወጣል፣ ስንቅ የለውም። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ አማቴ እግር ሥር ቁጭ አልኩ። አንድ ቁና ብቻ ይስጡኝ፣ ለልጅዎ ስንቅ ነው፣ ደመወዝ ሲመጣ ገዝቼ እመልሳለሁ አልኳቸው።

«ልጄ ደመወዝ አለው» አሉኝ። «እኔ ከዚህ ሌላ የለኝም። ይሄ የነፍሴ ስንቅ ነው፤ የነፍስ ስንቅ አይበደርም።»

ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፣ እሱ ነው ያቃጠለኝ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። እሺ እማማ ብዬ ተነሣሁ። በልቤ ግን፣ እንግዲያውስ ልጅዎ ጓያ ሲበላ ቁጭ ብለው ይዩ አልኩ። ይህን ዛሬ ከማንም አልደብቅም። ቁጠባ ብቻ አልነበረም፣ እልህ ነበር።

ጓያ ርካሽ ነው። ማንም የማይንከባከበው፣ ዝናብ ቢቀር የማይቀር የድሀ እህል ነው። ሆድ ይሞላል፣ ሽሮው ከአተር እኩል ይጣፍጣል። ጓያ እግር እንደሚሰብርም በእኛ አገር የማያውቅ የለም፤ በየገበያው በሁለት ዱላ የሚሄድ አንድ ሰው አይጠፋም። እንዴት እንደሚሰብር ደግሞ እናቶቻችን አስተምረውናል። የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው ይላሉ። ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ጉልበት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጓያ ቤት ውስጥ አይቀቀልም፣ ድስቱ ሲከፈት አጠገቡ አይቆምም፣ የታጠበበት ውሃ አይረገጥም፣ ጭዱ ላይ አይተኛም። ይህን ከጠበቁ እንደማንኛውም እህል ነው። እናቴ እንዲህ አለችኝ፣ እናቷም እንዲሁ ብላታለች።

እኔም ተጠነቀቅሁ፣ እግዜር ያውቃል። ጓሮ ወጥቼ፣ ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ፣ አፍንጫዬን በነጠላዬ አስሬ ነበር የምቆላው። ልጆቹን ጎረቤት እሰዳቸዋለሁ። ለባሌ ጥሬውን ልኬ አላውቅም፤ ቆልቼ አስፈጭቼ ግማሹን በዱቄት ግማሹን በሽሮ እሰድለታለሁ፣ እሱም እዚያ ቂጣውን ጋግሮ ሽሮውን አማስሎ ይበላል። ሽሮው ሲንተከተክ ፊትህን መልስ፣ ንፍሮ ቢሰጡህ እንዳትበላ ብዬ አስምዬዋለሁ። የሴቶች ማኅበር ላይም ይህንኑ ጥንቃቄ አስተምሬበታለሁ። ባለሙያ ነኛ።

ከቤቱ ሰው ጓያ ብቻውን የሚበላው እሱ ነበር። ያገኘኋትን ትንሽ ገብስና ስንዴ ለልጆቹ አደርጋታለሁ። ለአማቴም ከዚያው አቀርባለሁ፣ ምራት አማቷን በጓያ ጨረሰች እንዳይባል። እኔ ከሁለቱም የተረፈውን እለቃቅማለሁ። እሱ ሩቅ ነው፣ ሲበላ አይታየኝም፤ ከማይታይ ሰው አፍ መቆጠብ ደግሞ ቀላል ነው።

በአሥራ አምስት ቀን አንዴ እየወረደ ስንቁን ይወስዳል። ያንን ስልቻ አማቴ ፊት ነበር የምሞላው። ጓዳ ቦታ ጠፍቶ አይደለም። እያንዳንዷን ጣሳ ከፍ አድርጌ፣ እሳቸው እያዩ፣ ቀስ ብዬ ነበር የማፈሳት። አንድ ቀን መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ጓያ ብቻ ነው እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ሌላው እህል ያለው እርስዎ ዘንድ ነው አልኳቸው። ተነሥተው ሄደው መዳፋቸውን ጎታው ላይ አሳረፉ። እኔም የስልቻውን አፍ አሰርኩ። ሁለት ሴቶች በአንድ ሰው ጉልበት እልህ ተጋባን፤ እሱ መካከላችን ተቀምጦ በረባሶውን ያስራል።

ባሌ ረጋ ያለ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ እየሳቀ፣ ጭላዳ እንኳ ሣር ይቀያይራል፣ እኔ ከዝንጀሮ አነስኩ አለኝ። ጭላዳ የቀበሌ ኪራይ አይከፍልም አልኩት። ሳቀ። ሳቅ ከልቡ የሚመጣለት ሰው ነበር።

ጥር ላይ አዲስ እህል ወጥቶ ገብስ ለሁለት ገበያ ረከሰ። ያኔ መግዛት ችዬ ነበር። ለልጆቹ አንድ ስልቻ ገዛሁ፤ ለእሱም ስንቅ ሁለት ጣሳ የገብስ ዱቄት ጨመርኩበት። ቀና ስል አማቴ ያዩኛል። ፊታቸው ፈታ አለ፣ ያረፉ መሰሉ። እኔ ልጃቸውን ሳበላላቸው እሳቸው ገብሳቸውን ታቅፈው ሊያርፉ። ሁለቱን ጣሳ ከስልቻው አናት ላይ መልሼ ዝቄ አወጣሁትና በጓያ ሞላሁት። ያቺን ሁለት ጣሳ እስከ ዛሬ በእጄ ይዣት የምዞር ይመስለኛል።

ሁዳዴ ገባ። በጾም ሽሮ ይበዛል፣ ጓያውም በዚያው ልክ። በጾሙ አጋማሽ ሲወርድ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ጭቃ ነበረው። አንሸራቶኝ ነው አለ፣ የሳንቃ በር ብርድ ጅማቴን ይዞኛል አለ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። የበረባሶው አፍንጫ ተበልቶ አልቋል። ተረከዙ አዲስ እንደሆነ ነው፣ ጫፉ ግን ከመሬት ጋር ተፍቆ ተፍቆ የእግሩ ጣት ወጥቷል። በረባሶ እኮ የመኪና ጎማ ነው፣ አባት ለልጅ የሚያወርሰው፤ ያውም ገና በጥር የተገዛ። እንደ እብድ ጮህኩበት። እግርህን እየጎተትክ ነው የምትሄደው፣ ጫማ ከሰማይ የሚዘንብ መሰለህ፣ እንደ ሰው እግርህን አንሥተህ መርገጥ አቃተህ ወይ አልኩት።

«አቃተኝ» አለ።

ቀልዱ መሰለኝ። ከመሄዱ በፊት እግሩን አንሥቶ መርገጥ እንዲለምድ ብዬ ደጃፋችን ላይ ወዲያና ወዲህ አራመድኩት። እንደ በቅሎ። ልጆቹ እያዩ። ሞከረ፣ ላብ በላብ ሆነ፤ ጣቱ ግን መሬቱን አለቅም አለ። ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ የበረባሶውን ጫፍ በምስማር ጠገንኩለትና ስንቁን አሸክሜ ሰደድኩት። ስልቻው ውስጥ ያለው ያው ጓያ ነበር።

በፋሲካ ዋዜማ በሰው በቅሎ ተጭኖ መጣ። ሁለት ጓደኞቹ ደግፈው አወረዱት። ጉልበቶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ የሚቆመው በጣቶቹ ጫፍ ነው፣ ተረከዙ መሬት አይነካም። ሁለት ዱላ ቆርጠውለታል። አማቴ ከመደቡ ላይ ሆነው ሲያዩት መቁጠሪያቸው ከእጃቸው ወደቀ። ሁላችንም የዚህ አገር ሰዎች ነን፣ ያንን አረማመድ እናውቀዋለን። እኔ ቀቅለህ በልተሃል ብዬ ተነሣሁበት። አልቀቀልኩም ብሎ በልጆቹ ስም ማለልኝ። አላመንኩትም፤ ካመንኩት ጥፋተኛዋ እኔ ልሆን ነውና።

በዓሉ ሲያልፍ በቅሎ ለምኜ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ድሬሰሩ ወጣት ነው። ጉልበቱን መታ መታ አድርጎ፣ እግሩን አጥፎ ዘርግቶ ካየ በኋላ ምን ይበላል ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ጓሮ ወጥቼ መቁላቴን፣ ነፋሱን፣ ነጠላዬን፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። እንደ ማኅበሩ ሴቶች የሚያመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

«እንፋሎት ማንንም አይሰብርም» አለኝ። «የሚሰብረው ጓያን ብቻውን ለወራት መብላት ነው። ግማሹን ገብስ አድርገሽው ቢሆን ምናልባት ይሄ አይደርስም ነበር።»

ይድናል ወይ አልኩት። አይድንም አለ። ጓያውን ከተወ አይብስበትም፣ ግን እንደዚህ እንደሆነ ይኖራል። ባሌ ይህን ሁሉ አልጋው ላይ ሆኖ ሰምቷል። ወደ ቤት ስንመለስ እኔ በቅሎዋን እስባለሁ፣ እሱ ከላይ ተቀምጧል። ቤታችን ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ጎንበስ አለና ትከሻዬን ነካኝ።

«የገብሱን ነገር ለእናቴ እንዳትነግሪያት» አለኝ።

በትዳር ዘመናችን ለምኖኝ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። እሺ አልኩት።

ከደጃፉ ሳላልፍ ነገርኳቸው። እሱ ገና በቅሎው ላይ እንዳለ፣ በሩ ላይ ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የተናገርኩት። ግማሹ ገብስ ቢሆን ኖሮ ልጅዎ ዛሬ በእግሩ ይገባ ነበር አሉ፣ አልኳቸው። የራሴን ሁለት ጣሳ ትቼ የእሳቸውን ጎታ ብቻ አነሣሁ። ባሌ ከኋላዬ ሲጠራኝ ሰማሁት፣ አልዞርኩም።

አማቴ ተነሡ። ከወፍጮው ላይ መጁን አነሡና ወደ ጎታው ሄዱ። ሊሰብሩት ነው። ድንጋዩን ከራሳቸው በላይ ከፍ አደረጉት። ሮጬ መካከል ገባሁ። ያየኝ ሰው ያዘንኩላቸው ይመስለው ነበር።

«ይተዉት እማማ» አልኳቸው። «አሁን ለእግሩ አይሆንም። ለነፍስዎ ይሁን፤ እሷ እንኳ አትለምን።»

መጁን ከእጃቸው ወስጄ ወፍጮው ላይ መለስኩት። ልጆቼ የዚያን ቀን በቅጡ አልበሉም፣ ገብሱ አጠገባቸው ነው። ልጆቼ ቢራቡ መረጥኩ እንጂ ያንን ገብስ ከእሳቸው እጅ መቀበል አልፈለግሁም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ስሰማ ሰው በስሜ የሚጠራኝ ይመስለኛል። ሰፈሩ ደግሞ ቀቅሎ በልቶ ነው እንጂ የእሷ ጥንቃቄ እንዲህ አያደርስም አለ። አልተከራከርኩም። ባሌም ሰምቶ ዝም አለ፣ ጥፋቱን ወሰደልኝ።

መሥሪያ ቤቱ እስከ ሰኔ ጠበቀው፣ ከዚያ ጠመንጃውንና ካፖርቱን አስረከበ። አልበደሉትም፤ የማይራመድ ዘበኛ ምን ይሠራል። እኔ እንጨት ተሸክሜ መሸጥ፣ ለሰው መፍተል ጀመርኩ። አማቴ ከዚያ ቀን በኋላ ጎታውን በእጃቸው አልነኩትም። የሚቀርብላቸውን ግማሹን ወደ ልጃቸው ይገፋሉ፣ እሱም እንቢ ብሎ እንቢ ብሎ በመጨረሻ ከእጃቸው ይጎርሳል። እኔ ይህን ባየሁ ጊዜ ለእሱ የማቀርበውን በዚያው ልክ ቀነስኩ። ከእናቱም ከእኔም ሁለቴ አይበላም አልኩ። ታዲያ አማቴ የባሰ ይገፉለት ጀመር፣ እኔም የባሰ ቀነስኩ። መስከረም ሲጠባ ሞቱ። አልታመሙም፣ ከስተው ከስተው ነው ያለቁት።

በአርባኛው ቀን ጎታው ተከፈተ። ክዳኑን ያነሡት የነፍስ አባታቸው ናቸው፤ የመዳፋቸው ቅርጽ ተሰንጥቆ ለሁለት ሆነ። ገብሱን አንዲት ነቀዝ አልነካውም። እጄን እስከ ክንዴ ከተትኩበት፤ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነበር። ዐራት ጭነት፣ እንደገባ። ዳቦ ሆነ፣ ጠላ ሆነ። በስብሰባ ተዝካር ይቅር፣ እህል አይባክን እያሉ የሚያስተምሩን የቀበሌ ሰዎችም መጥተው ጠጡ። ካህናቱ ቤት ውስጥ፣ ጎረቤቱ ዳስ ሥር፣ ነዳያኑ በአጥሩ ዙሪያ ተቀመጡ። ሁሉም በልቶ የእሳቸውን ነፍስ አነሣ። አማቴ እንደተመኙት ሆነ።

ባሌ ቤቱ በሰው ሲሞላ በሰው እግር መካከል ማለፍ ስለማይችል ገና ጠዋት ወጥቶ አጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱ ዱላዎቹ አጠገቡ ናቸው። ካፖርቱን ካስረከበ ወዲህ የሚለብሰው ያንኑ የተቀዳደደ ጋቢ ነው፤ ከቤት የማይወጣ ሰው ልብስ ምን ያደርግለታል ብዬ ሌላ አልገዛሁለትም። ነዳያኑ ሲመጡ በግራና በቀኙ ተደረደሩ። ዳቦ የሚያድለው ከሌላ ደብር የመጣ ዲያቆን ነው፣ ቤተሰቡን አያውቅም። በተራ እያደለ መጣና ባሌ ዘንድ ሲደርስ አንድ ቁራሽ ቆርሶ ዘረጋለት። እኔ ሌማት ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

ባሌ ቀና ብሎ ዲያቆኑን አየው። ከዚያ በትከሻው አሻግሮ እኔን አየኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ልጃቸው ነው፣ የቤቱ አባወራ ነው፣ ደግፋችሁ አስገቡት ብል አለቀ። ጠበቀኝ። እንደጠበቀኝ አውቃለሁ፤ ዲያቆኑ እጁን ዘርግቶ እስኪሰለች ድረስ ሳይቀበለው ቆይቷል። እኔ ዝም አልኩ። በመጨረሻ ሁለቱንም መዳፉን ገጥሞ ዘረጋና ተቀበለ።

«ነፍስ ይማር» አለ፣ እንደ ነዳያኑ።

ዲያቆኑ ወደሚቀጥለው አለፈ። ባሌ አንገቱን ደፍቶ ዳቦውን በላ። ከእናቱ ጎታ የቀመሰው ያን ቀን ነው።

ለምን ዝም አልሽ ቢለኝ የምመልሰውን ለብዙ ዓመት አዘጋጅቼ ነበር፤ ሳይጠይቀኝ ሞተ። ደንግጬ ነው፣ ሰው ፊት አፍሬ ነው ልለው ነበር። ውሸት ነው። በዚያች ሰዓት ወደ ልቤ የመጣው፣ ቤት ውስጥ ለእሱ ያስቀመጥኩት ድርሻ ተረፈ የሚል ሐሳብ ነው። በማግስቱ ለልጆቹ ቆርሼ ሰጠኋቸው።